የስፓ 24 ሰዓት ውድድር ምንድን ነው?

ማራቶን ርቀቱ የታወቀ ነው፤ ሯጩ የሚታገለው ከሰዓት ጋር ነው። የስፓ 24 ሰዓት የመኪና ውድድር ነገሩን ይገለብጠዋል፤ ሰዓቱ ተቆርጦ ተሰጥቷል፣ ርቀቱ ክፍት ነው። መኪኖቹ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተነስተው ሌሊቱን ሙሉ ሲዞሩ ያድራሉ። እሑድ በተነሱበት ሰዓት ጥቁርና ነጩ ባንዲራ ሲውለበለብ ብዙ ዙር ያስቆጠረው ያሸንፋል። አንዱን መኪና ሦስት ወይም አራት አሽከርካሪዎች እየተፈራረቁ ይነዱታል፤ መኪናው ግን ተተኪ የለውም።

ይህ ምን ያህል ነገር እንደሚለውጥ በቁጥር እንየው። የዛሬዎቹ መኪኖች 7 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ዙር በ2 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ ያጠናቅቃሉ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ እንደ አየሩ ሁኔታ 500 ዙር አካባቢ ይሄዳሉ። አንዱ መኪና ከሌላው በየዙሩ 3 ሰከንድ ይፈጥናል እንበል። በዚህ ስፖርት ይህ እጅግ ሰፊ ልዩነት ነው። 3 ሰከንዱ በ500 ዙር ሲባዛ 25 ደቂቃ ይሆናል። እንግዲህ ያ ፈጣን መኪና ካምቢዮው ተበላሽቶ ጋራዥ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቢቆም፣ ቀንና ሌሊት ያጠራቀመው ሁሉ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ በስፓ ስለ ፍጥነት የሚያወራው ተመልካቹ ነው፤ መካኒኮቹ የሚያወሩት ስለ ፍሬንና ስለ ካምቢዮ ነው።

ቦታው በምሥራቅ ቤልጂየም፣ አርደን በሚባለው ደናማና ተራራማ አካባቢ ነው። ስፓ በማዕድን ውኃዋ የታወቀች ከተማ ስትሆን፣ መኪኖቹ የሚሽቀዳደሙት ግን ከእርሷ ትንሽ ራቅ ባለችው የፍራንኮርሻምፕ መንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ዙሩ ሲነደፍ የተለየ ሜዳ አልተሠራለትም፤ ፍራንኮርሻምፕን፣ ማልሜዲንና ስታቬሎትን የሚያገናኘው የሕዝብ መንገድ ተወሰደና 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ባለ ሦስት ማዕዘን ዙር ሆነ። በሌላው ቀን ማንም መንገደኛ የሚያልፍበት መንገድ ነበር።

የመጀመሪያው የ24 ሰዓት ውድድር የተካሄደው በሐምሌ 1924 ሲሆን፣ አዘጋጁ የቤልጂየም ንጉሣዊ የአውቶሞቢል ክለብ ነበር። በእኛ አቆጣጠር 1916 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ራስ ተፈሪ አውሮፓን የጎበኙበትና ብራስልስንም ያዩበት ዓመት። ፈረንሳዮች የሌ ማንን 24 ሰዓት የጀመሩት ከአንድ ዓመት በፊት ነበር። ቤልጂየሞችም ወደ ኋላ መቅረት አልፈለጉም። አንሪ ስፕሪንጌል እና ሞሪስ ቤኬ ቢኛን በተባለ የፈረንሳይ መኪና አሸነፉ። ይህን ስም ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው፤ ፋብሪካው ከጠፋ ቆይቷል። በዚያ ዘመን አንድ መኪና ቀንና ሌሊት ሳይሰበር መሄዱ ራሱ ዜና ነበር፤ ለአምራቾቹም ገዢን ለማሳመን ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ አልነበረም።

ስፓን ከሌ ማን የሚለየው ዋናው ነገር የመኪናው ዓይነት ነው። የስፖርት መኪና የሚባለው ከጅምሩ ለፍጥነት የተሠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወንበር ብቻ ያለው ነው። ቱሪንግ መኪና ግን ማንም ከመሸጫ ሱቅ ሊገዛው የሚችል የቤት መኪና ነው፤ ቤተሰብ የሚጫንበት፣ የኋላ ወንበር ያለው። ለውድድር ሲዘጋጅ ውስጡ ይራቆታል፣ በብረት ይጠናከራል፣ ሞተሩና ፍሬኑ ይሻሻላል፤ ከውጭ ሲታይ ግን ጎረቤት የሚነዳው ያው መኪና ነው። ሌ ማን ከስፖርት መኪና ብዙም ሳይርቅ ኖሯል። ስፓ በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ቆይቷል። በ1948 አስቶን ማርቲን፣ በ1949 ፌራሪ አሸነፈ፤ የዚያን ዓመቱ ፌራሪ አሽከርካሪ ሉዊጂ ኪኔቲ በዚያው ዓመት ሌ ማንንም አሸንፏል። በ1953 ደግሞ የመጀመሪያው የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮን ፋሪና ከማይክ ሆውቶርን ጋር ሆኖ አሁንም በፌራሪ ድል አደረገ። ከዚያ በኋላ ውድድሩ ለ11 ዓመት ተቋረጠ። በ1964 ሲመለስ የቱሪንግ መኪኖች ውድድር ሆኖ ነው የመጣው። በ1965 ፓስካል ኢክስ፣ በ1966 ታናሽ ወንድሙ ዣኪ ኢክስ፣ ሁለቱም በቢኤምደብልዩ አሸነፉ። ይህ አምራች እስከ 2023 ድረስ 25 ጊዜ አሸንፏል፤ በዚህ የሚቀርበው የለም።

ከአሸናፊዎቹ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚማርከኝ ግን በ1971 ሁለተኛ የወጣው መኪና ነው። ሃንስ ቬርነር አውፍሬክት እና ኤርሃርድ ሜልሸር ከአራት ዓመት በፊት ያቋቋሙት ኤኤምጂ የተባለ ትንሽ ድርጅት መርሴዲስ 300 ኤስኢኤል ይዞ ቀረበ። ይህ ባለ አራት በር ረጅም መኪና ሚኒስትሮችና ባለ ሀብቶች ከኋላ ወንበር ተደላድለው የሚሄዱበት ነው። ሞተሩን ወደ 6.8 ሊትር አሳደጉት፣ 428 የፈረስ ጉልበት አወጡለት፣ ቀይ ቀለም ቀቡት። ክብደቱን ግን ምንም ሊያደርጉት አልቻሉም፤ ከ1,600 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝን ነበር። ከቀላሎቹ ፎርድ ካፕሪዎች ጎን ሲሰለፍ በር ተሳስቶ የገባ እንግዳ ይመስላል። በቀጥታው መንገድ ላይ ጉልበቱ የማይቻል ነው፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ክብደት ጎማና ነዳጅ ይበላል፣ ጎማና ነዳጅ ደግሞ መቆም ነው። ሃንስ ሃየር እና ክሌመንስ ሺከንታንትስ እየተፈራረቁ ነድተው ከምድቡ አንደኛ፣ ከሁሉም ሁለተኛ ሆነው ጨረሱ። መኪናው እስከ ዛሬ «ቀዩ አሳማ» እየተባለ ይጠራል። በኋላ ማትራ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ገዝቶት የአውሮፕላን ጎማ መፈተሻ አደረገው፤ በፍጥነት በሰዓት ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ከባድ መኪና ለዚያ ሥራ ተስማሚ ነበር።

ያ ረጅም ዙር ግን ሰው የሚበላ ነበር። በ1973ቱ ውድድር ብቻ ሦስት አሽከርካሪዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ዙሩ በ1979 ወደ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ አጠረ፤ ዛሬ በፎርሙላ ዋን የምናየው ኦ ሩዥ የተባለው ቁልቁለትና ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው ዳገት ግን ከጥንቱ ዙር የቀሩ ናቸው።

የአርደን ዝናብ ሌላው ተወዳዳሪ ነው። ዙሩ ሰፊ ስለሆነ በአንዱ ጫፍ ሲዘንብ በሌላው ጫፍ አስፋልቱ ደረቅ ሊሆን ይችላል፤ የዝናብ ጎማ ያሰረ በደረቁ ያቃጥለዋል፣ የደረቅ ጎማ ያሰረ በእርጥቡ ይንሸራተታል። በ2001 ቱሪንግ መኪኖቹ ቦታቸውን ጂቲ ለሚባሉት ኃይለኛ መኪኖች ለቀቁ። በ2003 ግን በዝናብ መካከል ከሁለተኛው ምድብ የመጣ ፖርሽ 911 ከእርሱ እጅግ የሚበልጥ ጉልበት ያላቸውን ሁሉ ጥሎ ጠቅላላ አሸናፊ ሆነ።

ከ2011 ጀምሮ ውድድሩ ጂቲ3 በሚባል ደረጃ ይካሄዳል። ፌራሪ፣ ፖርሽ፣ መርሴዲስ፣ ቢኤምደብልዩ፣ ላምቦርጊኒ ሁሉም ለሽያጭ ከሚያቀርቡት መኪና ተነስተው የሚሠሩት ነው። ባለሥልጣናቱ ፈጣን በሆነው ላይ ክብደት ይጨምራሉ ወይም ጉልበቱን ይቀንሳሉ፣ ሁሉም እንዲቀራረብ። ጎበዝ መሐንዲስን መቅጣት ስለሚመስል ይህ ሕግ ብዙም አይጥመኝም፤ ሆኖም ያለ እርሱ ከ60 በላይ መኪና በአንድ መስመር ሲሰለፍ እናይ ነበር ብዬ አላስብም። ለዓመቱ ሻምፒዮና የሚቆጠረው ነጥብ የሚሰጠው መጨረሻ ላይ ብቻ ሳይሆን በ6ኛውና በ12ኛው ሰዓትም ነው፤ ስለዚህ አንዳንዱ ቡድን ገና በምሽቱ ሲቸኩል ይታያል። በ2024 ውድድሩ መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ያሸነፈው አስቶን ማርቲን ነው፤ ከ1948 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ማየት ለሚፈልግ፣ አዘጋጁ በዩቲዩብ በነፃ ያስተላልፈዋል። በቅርብ ዓመታት መነሻው በቤልጂየም ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ነው፤ በአዲስ አበባ 11 ሰዓት ተኩል ይሆናል። 24ቱንም ሰዓት ቁጭ ብሎ ማየት ለማንም አይመከርም። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት አይቶ መተኛት፣ እሑድ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ መነሳት ይበቃል። በዚያ ሰዓት አርደን ላይ እየነጋ ነው፣ 11 ሰዓት ያህል ይቀራል፣ የመኪኖቹ ፊት በጎማ ጥላሸትና በሞቱ ነፍሳት ጠቁሯል፣ የደረጃ ሰንጠረዡም በምሽቱ ከታየው ጋር አይመሳሰልም። በመጀመሪያ ከመሪዎቹ ስም ይልቅ እያንዳንዱ መኪና ጋራዥ ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደቆመ መመልከት ይሻላል።