ኪዩብ ኬዝ ውስጥ ኮምፒውተር መገጣጠም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ኮምፒውተር ራሱ ሊገጣጥም ያሰበ ሰው ኪዩብ ኬዝ (ኩብ መሰል ቅርጽ ያለው ትንሽ የኮምፒውተር ሳጥን) አምሮት፣ «ተው፣ ይቆጭሃል» ተብሎ ሲመለስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ያሳዝነኛል። የሚባለው ሁሉ ውሸት ባይሆንም፣ አብዛኛው በሚሊ ሜትር ያልተለካ ወሬ ነው።

«ትንሽ ስለሆነ ይግላል»

ኮምፒውተር የሚግለው ሳጥኑ ስላነሰ ሳይሆን ትኩሱ አየር መውጫ ሲያጣ ነው። ባዶ ቦታ በራሱ ምንም አያቀዘቅዝም። ፊቱ በመስታወት የተደፈነ ትልቅ ኬዝ፣ ጎኑ ወንፊት ከሆነ ኪዩብ የባሰ ሊግል ይችላል። በብዙ ኪዩቦች ግራፊክስ ካርዱ (ምስሉን ለስክሪን የሚያዘጋጀው) በጎን ወይም በታች ካለው ቀዳዳ ቀጥታ ከውጭ አየር ይስባል፤ ስለዚህ ግድግዳ ላይ አትለጥፉት፣ ምንጣፍ ላይም አታስቀምጡት። ፋን (ማራገቢያ) ስትገጥሙ ደግሞ አየሩ የሚወጣው የሞተሩ መያዣ ዘንጎች በሚታዩበት በኩል መሆኑን ልብ በሉ። ትልቅ ኬዝ አንድ የተገለበጠ ፋን ችሎ ሊያልፍ ይችላል፣ ኪዩብ ግን ቶሎ ያሳብቅባችኋል።

«ያለ ውሃ ማቀዝቀዣ አይሆንም»

ይሆናል። 65 ዋት ለሚወስድ ሲፒዩ (የኮምፒውተሩ አእምሮ) ጥሩ የአየር ኩለር፣ ማለትም በፋን የሚሠራ ማቀዝቀዣ፣ ይበቃል። ቁመቱ ኬዙ ከሚፈቅደው እንዳይበልጥ ብቻ እዩ።

«ሚኒ አይቲኤክስ ቦርድ ብቻ ነው የሚይዘው»

ሚኒ አይቲኤክስ የሚባለው የማዘርቦርድ (ሌላው ሁሉ የሚሰካበት ዋና ሰሌዳ) መጠን 170 በ170 ሚሊ ሜትር ነው፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ እስከ 244 በ244። ሁለተኛውን የሚይዙ ኪዩቦች ሞልተዋል። በሚኒው ብዙውን ጊዜ የምታገኙት 2 የራም ቦታና 1 የካርድ ማስገቢያ ነው፤ ሌላ ካርድ የመጨመር ሐሳብ ካላችሁ ከወዲሁ ወደ ማይክሮው ሂዱ።

«ትንሽ ፓወር ሰፕላይ አቅም የለውም»

ኤስኤፍኤክስ የሚባለው ትንሽ ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠው ክፍል) ቁመቱ 63.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ ግን 750ም 850 ዋትም የሚሰጥ አለ። ዋጋው ግን ከትልቁ ወደድ ይላል፣ ኬብሉም አጠር ይላል።

«ግራፊክስ ካርዱ በርዝመት ከገባ አለቀ»

ሰው ገንዘቡን የሚያቃጥለው እዚህ ጋ ነው። ኬዙ 330 ሚሊ ሜትር ካርድ ይይዛል ተብሎ ተጽፏል እንበል። ከፊት 27 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የውሃ ማቀዝቀዣ ራዲያተርና 25 ሚሊ ሜትር ፋን ስታስሩ ከዚያው ላይ 52 ይቀነሳል፤ የቀራችሁ 278 ነው። የተጻፈው ቁጥር ፋኑን ይጨምር አይጨምር ሳታጣሩ ካርድ አትግዙ። የካርዱን ውፍረትም ለኩ። ከዚያ ደግሞ የካርዱ የኃይል ኬብል አለ፦ አዲሱን ባለ 16 ፒን ከመሰኪያው ጀምሮ እስከ 35 ሚሊ ሜትር ድረስ ማጠፍ አይመከርም፣ የጎኑ ክዳን ተጭኖት ከተዘጋ ደግሞ መታጠፉ አይቀርም።

«መገጣጠሙ ስቃይ ነው»

ቅደም ተከተሉ ከተዛባ፣ አዎ። እኔ በመጀመሪያው ኪዩቤ ሁሉን አስሬ፣ ክዳኑን ዘግቼ፣ ካቻቪቴዬን አስቀምጬ ዞር ስል ኤስኤስዲው (ፋይሎች የሚቀመጡበት) ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሏል። ቦታው ማዘርቦርዱ ጀርባ ነበር። ካርዱን፣ ኬብሉን፣ ቦርዱን ሁሉንም ፈትቼ እንደ አዲስ ጀመርኩ። አሁን ሲፒዩ፣ ራም፣ ኤስኤስዲና የአየር ኩለሩን ውጭ፣ የማዘርቦርዱ ካርቶን ላይ አድርጌ ጨርሼ ነው የማስገባው። ግራፊክስ ካርዱ መጨረሻ ላይ ይገባል። ውሃ ማቀዝቀዣ ከሆነ ደግሞ ባለ 8 ፒኑን የሲፒዩ ኬብል ራዲያተሩ ከመታሰሩ በፊት ሰኩት፤ በኋላ ጣት አይደርስበትም።