ዳይቨርተር ምንድን ነው? የሶላር ትርፍ ወደ ቦይለር ሲሄድ

ጣሪያው ላይ ሶላር ያለው ሰው እኩለ ቀን ላይ የኢንቨርተሩን (የፓኔሉን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይረውን ሳጥን) ስክሪን ቢያይ ግራ የሚያጋባ ቁጥር ሊያገኝ ይችላል። ፓኔሎቹ 2 ኪሎዋት ናቸው። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ስክሪኑ ግን 300 ዋት ይላል። ፓኔሉ ተበላሽቶ አይደለም። ባትሪው ሞልቷል፣ ቤት ውስጥ የበራው ፍሪጅና ዋይፋይ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ኢንቨርተሩ ከዚያ በላይ አይጠይቅም። አሁን ቦይለሩን አብሩት። ቁጥሩ ወዲያው ወደ 1800 ይወጣል። ያ 1500 ዋት እስካሁን ዝም ብሎ ሲባክን የነበረ ነው።

ይህን ትርፍ እየለቀመ ወደ ቦይለር የሚልክ ዕቃ ዳይቨርተር ይባላል።

ትንሽ ሳጥን ናት። አንድ መቆንጠጫ መሳይ ሴንሰር ከቆጣሪው በሚመጣው ዋና ገመድ ላይ ይታሰራል። ኤሌክትሪኩ ከመስመር ወደ ቤት እየገባ ነው ወይስ ከቤት ወደ መስመር እየወጣ ነው የሚለውን ያነባል። መውጣት ሲጀምር ሳጥኗ የሚወጣውን ያህል ለቦይለሩ ትሰጣለች። 400 ዋት ከተረፈ 400፣ 1100 ከተረፈ 1100። አንድ ሰው ሻይ ሊያፈላ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ሲሰካ ወዲያው የቦይለሩን ድርሻ ትቀንሳለች። ይህ የሚቻለው የቦይለር ሬዚስታንስ (ውሃውን የሚያሞቀው ብረት) ስለማያማርጥ ነው። ግማሽ ኃይል ካገኘ በግማሽ ፍጥነት ያሞቃል፣ በቃ። ለፍሪጅ ሞተር እንዲህ እየቀነሱ እየጨመሩ ቢሰጡት ዕቃውን ያበላሹታል።

አሁን ወደ ሂሳቡ። አንድ ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1.16 ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ብዙ ቤት የሚገኘውን ባለ 80 ሊትር ቦይለር እንውሰድ። ውሃው በ18 ዲግሪ ገብቶ 60 እስኪደርስ 3.9 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። ሰዉ ብዙ ብር ከስክሶ ከሚገዛው ባለ 5 ኪሎዋት ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ብዙም አያንስም። ቦይለሩ ደግሞ ድሮውንም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ትኩስ ውሃ ተመልሶ መብራት አያበራም፣ እሱ እውነት ነው። ግን ማታ ለሻወር ልናወጣው የነበረውን ኤሌክትሪክ ቀን ላይ ከፀሐይ ወስደን አስቀመጥነው ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ አንድ ባለ 550 ዋት ፓኔል በበጋ ጥሩ ቀን ከ2 እስከ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ያመርታል። የሁለት ፓኔል የቀን ምርት ያንን ቦይለር ከቀዝቃዛ ተነስቶ ያሞቀዋል። ክረምት ላይ በግልጽ ይቀንሳል።

ዳይቨርተር በጣም የተለመደው እንግሊዝ ሀገር ነው። ምክንያቱም አስገራሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 መንግሥት ሶላር ለሚያስተክሉ ቤቶች ክፍያ ጀመረ። ወደ መስመር የሚላከውን የሚለካ ቆጣሪ የሌላቸው ትንንሽ ተከላዎች ካመረቱት ግማሹን እንደላኩ ተቆጥሮ ይከፈላቸው ነበር። ላኩም አልላኩም! ስለዚህ ትርፉን ሁሉ ቦይለር ውስጥ የጨመረ ሰው ገንዘቡንም ውሃውንም ያገኛል። ዳይቨርተር እንደ ጉድ መሸጡ አይገርምም። ያ ዕቅድ በ2019 አዲስ ለሚገቡ ተዘጋ። ከ2020 ጀምሮ የመጣው አሠራር የሚከፍለው በእርግጥ ለተላከው ኪሎዋት ሰዓት ነው። ዛሬ እዚያ ያላችሁ ወገኖች ሒሳቡን እንደገና መሥራት አለባችሁ። የኤሌክትሪክ ኩባንያው ለትርፋችሁ የሚከፍለው ከጋዝ ዋጋ የሚበልጥ ከሆነ፣ ኤሌክትሪኩን ሸጦ ውሃውን በጋዝ ማሞቅ ለኪስ ይሻላል።

እስራኤል ያሉት ደግሞ “ይሄማ ዱድ ሼሜሽ ነው” እንዳይሉኝ። አይደለም። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ አዲስ መኖሪያ ቤት ላይ የግድ እንዲተከል በሕግ የታዘዘው የፀሐይ ማሞቂያ ኤሌክትሪክ አያመርትም። ፀሐይዋ ውሃውን በቀጥታ ታሞቀዋለች። ማሞቂያው ከሚያርፍበት ብርሃን ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ወደ ሙቀት ይቀይራል። የኤሌክትሪክ ፓኔል 20 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ሶላር ጨርሶ ለሌለውና ትኩስ ውሃ ብቻ ለሚፈልግ ሰው፣ ፓኔል ገዝቶ ቦይለር ማሞቅ ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ቀጥታውን ማሞቂያ ይግዛ። ዳይቨርተር ትርጉም የሚኖረው ፓኔሉ ለሌላ ጉዳይ፣ በተለይ መብራት ሲሄድ ለመጠባበቂያ፣ ቀድሞ ከተተከለ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ከላይ የነገርኳችሁ ሳጥን የሚሠራው ትርፉ ወደ መስመር ሲወጣ አይቶ ነው። እኛ ጋ ቤቶች ትርፋቸውን ለመስመር መሸጣቸው አልተለመደም፤ አብዛኛው ኢንቨርተርም ወደ ውጭ እንዳይልክ ተደርጎ ይገጠማል። ስለዚህ ሴንሰሩ ምንም አያይም። እዚህ የሚያዋጣው ሌላ መንገድ ነው። አንዳንድ ሃይብሪድ ኢንቨርተሮች (ፓኔልን፣ ባትሪንና መስመርን አብረው የሚያስተዳድሩ) “ስማርት ሎድ” የሚሉት መውጫ አላቸው። ባትሪው ለምሳሌ 95 በመቶ ሲደርስ ያንን መውጫ ይከፍታል፣ ሲወርድ ይዘጋል። ቦይለሩን እዚያ ላይ ማገናኘት ነው። ያ ከሌለ ተራ ታይመር ይበቃል። ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ይብራ። ታይመሩ ግን ደመና አያውቅም። ኢንቨርተሩ ደመና ሲመጣ ከባትሪው ሳይሆን ከመስመር እንዲወስድ መስተካከል አለበት፣ አለዚያ ቀን ውሃ ሞቆ ማታ ጨለማ ነው።

ሌላው ችግር ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። እንጀራ እየተጋገረ ቦይለር ከተነሳ ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ጫናው በዝቶበት ሊጠፋ ይችላል። የቦይለሩን ሬዚስታንስ በአነስተኛ መቀየር፣ 1500 የነበረውን ወደ 1000 ዋት ማውረድ ብዙ ጊዜ ይረዳል። ሙቀቱ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ግን ፀሐይዋም ቀኑን ሙሉ አለች። ለትንሽ ሶላር ትልቅ ሬዚስታንስ አይስማማውም።

ደመናው ከሰነበተ ውሃው 35 እና 40 ላይ ለቀናት ሊቆይ ይችላል። ሊጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ የሚወደው ይህን ነው። በሳምንት አንዴ ከመስመሩ ወስዶ 60 ማድረስ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ጠንከር ልበል። “ኢንቨርተር ለምን? ፓኔሉን በቀጥታ ከቦይለሩ ጋር እናገናኘው” የሚል ሰው አይጠፋም። ሁለት ችግር አለው። አንደኛ አይጣጣምም። ለ220 ቮልት የተሠራ ሬዚስታንስ ላይ ሦስት ባለ 550 ፓኔል አከታትሎ ቢያገናኙ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ እንኳ ከአቅማቸው ግማሹን አያወጡም። ሁለተኛው አደገኛ ነው። የመስመር ኤሌክትሪክ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ይሆናል፣ ስለዚህ የቦይለሩ ቴርሞስታት ሲከፈት የሚነሳው ብልጭታ ወዲያው ይጠፋል። የፓኔሉ ኤሌክትሪክ ዜሮ አይሆንም። ብልጭታው ይቀጥላል፣ የቴርሞስታቱ ሁለት ብረቶች ቀልጠው ይጣበቃሉ። ከዚያ በኋላ ውሃው 60 ደረሰም 90 ደረሰ የሚያቆመው የለም። ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍሰው ሴፍቲ ቫልቭም በኖራ ተደፍኖ ከሆነ ቦይለሩ ሊፈነዳ ይችላል። ለዚህ የሚሆን ለዲሲ (ፓኔል ለሚያወጣው፣ ዜሮ ለማይሆነው ኤሌክትሪክ) የተሠራ ሬዚስታንስና ማብሪያ ማጥፊያ ገበያ ላይ አለ። ያለዚያ “ችግር የለውም፣ እኔ ስንት ቤት ገጥሜያለሁ” የሚል ቴክኒሻን ካጋጠማችሁ፣ አመስግናችሁ ሸኙት።