«በስባሽ ፌስታል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙዎቻችን «በስባሽ» ሲባል ኮምቦልቻ ላይ ቦርከና ወንዝ ዳር የጣልነው ፌስታል በሳምንት አፈር የሚሆን ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም።

አንዱ ዓይነት የሚሠራው ከስታርችና ከፖሊስተር ድብልቅ ነው። ስታርች ድንች ፍቀን ውሃ ውስጥ ስናጠልል ታች የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ነው። ለብቻው ስስ አድርገው ሲያደርቁት ይሰነጠቃል፤ ውሃ ሲነካው ይልፈሰፈሳል። ስለዚህ ግሊሰሪን ያለሰልሰዋል፣ ፖሊስተር ያጠነክረዋል።

ፖሊስተር የሸሚዝ ጨርቅ አይደል እንዴ? ነው፤ ግን ስሙ የቤተሰብ ስም ነው። ፔት የሚባለው የሸሚዙና የሃይላንዱ ፖሊስተር አይበሰብስም። ፒቢኤቲ የሚባለው ፖሊስተር ግን ባብዛኛው ከነዳጅ ቢሠራም ረቂቅ ተሕዋስያን ይበሉታል። ፒኤልኤ የሚባለው ሌላው ፖሊስተር ከእጽዋት ስኳር ይመጣል፤ ሆኖም ቶሎ ለመበስበስ 60 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። ደሴ ብርድ ላይ ሜዳ ከተጣለ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።