የስፒትፋየር ሞዴል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እ.ኤ.አ. በ1940 በእንግሊዝ ሰማይ ላይ የተዋጋው የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን ስፒትፋየር ማርክ 1፣ የፕላስቲክ ሞዴሉ ለጀማሪ ቀላል ይመስላል፤ ክፍሎቹ ጥቂት፣ ቅርጹም የታወቀ ነው። ግን ብዙው ሠሪ የእውነተኛውን አውሮፕላን ፎቶ ሳይሆን የሌላ ሰው ሞዴል እያየ ስለሚሠራ፣ አንዱ የሳተውን ሌላው ይደግመዋል። እዚህ የምናወራው ስለ 1 ለ48 መጠን (ርዝመቱ ከእውነተኛው 48 ጊዜ ያነሰ) ነው፤ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 23.4 ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል።

«ማጣበቂያው ሲበዛ ይጠነክራል»

የሞዴል ማጣበቂያ እንደ እንጨት ኮላ አይደለም፤ ፕላስቲኩን ራሱን አቅልጦ ያዋህዳል። ከበዛ ፕላስቲኩ ይለሰልስና ከቀናት በኋላ መጋጠሚያው ይሰረጉዳል። ክፍሎቹን በደረቁ ግጠሙና የቀጭን ብሩሽ ጫፍ መስመሩ ላይ ንኩ፤ ፈሳሹ በራሱ ስቦ ይገባል። ጣታችሁ መስመሩ ላይ ካረፈ ፈሳሹ ከሥሩ ሾልኮ አሻራችሁን ያትምላችኋል። 24 ሰዓት ሳይሞላ በብርጭቆ ወረቀት አትነካኩት።

«የክንፉ ሥር ክፍተት በስቱኮ ይደፈናል»

ይደፈናል፤ ግን ስቱኮውን ስትፍቁ ክንፉና አካሉ የሚገናኙበት ያ ለስላሳ ጉብታ አብሮ ይሄዳል፣ በዙሪያው የተቀረጹት የቆርቆሮ መጋጠሚያ መስመሮችም ይጠፋሉ። ክፍተቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው አካሉ ጥቂት ስለጠበበ ነው። ክፍሎቹ ተያይዘው ከመጡበት የፕላስቲክ ዘንግ ቁራጭ ቁረጡና በአካሉ ውስጥ፣ ክንፉ በሚገባበት ቦታ፣ አግድም ወጥሩበት። ቁራጩ በግማሽ ሚሊሜትር ሲረዝም እንኳ ልዩነቱ ይታያል። ያም ካልበቃ የወረቀት ፕላስተር ከአንዱ ክንፍ ጫፍ በጀርባው በኩል እስከ ሌላው ወጥራችሁ አሳድሩት። የእውነተኛው ክንፍ 6 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ይነሣል፤ ስለዚህ ክንፎቹን ማንሣቱ ክፍተቱንም ይዘጋል፣ አቋሙንም ያስተካክላል። ከጠረጴዛው እስከ ሁለቱ ጫፎች ያለውን ከፍታ በማስመሪያ ለኩ።

«ፍላፑ ወርዶ ሲቆም ያምራል»

በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ነው። ፍላፕ ለማረፍ ሲባል ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚወርደው ክፍል ነው፤ የስፒትፋየሩ ወይ ሙሉ በሙሉ ይነሣል ወይ ሙሉ በሙሉ ይወርዳል፤ መሃል የለውም። አብራሪው ካረፈ በኋላ መሬት ላይ መንዳት ከመጀመሩ በፊት ያነሣዋል። ጎማው በታኮ ተይዞ፣ ፍላፑ ተንጠልጥሎ የቆመ ሞዴል ስለዚህ እንግዳ ነገር ነው። የግድ ካላወረድን ካላችሁ፣ በክንፉ ላይኛ ገጽ ያለችው ትንሿ የፍላፕ አመልካች ክዳንም ተነሥታ መታየት አለባት፤ ብዙዎች የሚረሷት እሷን ነው። እኛ ዝቅ እንዲል የምንመክረው ኤሌቬተሩን፣ ማለትም በጅራቱ አግድም ክንፍ ላይ ያለውን ተንቀሳቃሽ ክፍል ነው፤ መሪው ሲለቀቅ በራሱ ክብደት ዝቅ ይላል። ግራና ቀኙ ግን አብረው ስለሚንቀሳቀሱ እኩል ይውረዱ።

«አፍንጫው ላይ ክብደት ካልተጨመረ ይገለበጣል»

ይህ የጅራት ጎማ ያለው አውሮፕላን ነው፤ አያስፈልገውም። ክብደቱን የአፍንጫ ጎማ ላላቸው፣ ለምሳሌ ለፒ-39 ተዋጊ አውሮፕላን፣ አቆዩት።

«መስመሩ በጠቆረ ቁጥር እውነተኛ ይመስላል»

በሞዴሉ ገጽ የተቀረጸ 0.3 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የመጋጠሚያ መስመር በ48 ሲባዛ 14 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ትንሿ ጣት ልትገባበት የምትችል ስንጥቅ ማለት ነው! መስመሩ ላይ ጥቁር ከማፍሰስ ከመሠረቱ ቀለም ጥቂት የሚጠቆር፣ በደንብ የቀጠነ ቡናማ ይበቃል።

«ዲካሉ ብርማ የሆነው ጥራት ስለሌለው ነው»

ዲካል ማለት የአውሮፕላኑን ምልክቶች የያዘው ስስ ተለጣፊ ነው። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሥሩ ቀለም ነው። ማት (የማያብረቀርቅ) ቀለም ሸካራ ስለሆነ ከዲካሉ በታች አየር ይይዛል፤ ብር የሚመስለው ያ አየር ነው። መጀመሪያ የሚያብረቀርቅ ክሊር (ቀለም አልባ ቫርኒሽ) ቀቡና ይድረቅ፣ ከዚያ ዲካሉን ለጥፉ፣ ማት ክሊሩን መጨረሻ ላይ ርጩ። አረፋ ከቀረ በመርፌ ጫፍ ወግታችሁ የዲካል ማለስለሻ ጠብታ ጨምሩበት።

«የተዋጋ አውሮፕላን ሁሉ ቀለሙ የተላላጠ ነው»

የአብራሪው በር በግራ በኩል ስለሆነ ጫማ የሚፍቀው በዋናነት የግራውን ክንፍ ሥር ነው። ሁለቱንም ወገን እኩል የሚልጥ ሰው ይህን አላሰበም። የጠመንጃዎቹም ነገር እንዲሁ ነው። ክንፉ ውስጥ ያሉት 8 ጠመንጃዎች አፋቸው ላይ ቆሻሻና እርጥበት እንዳይገባ ቀይ ጨርቅ ይለጠፍበት ነበር፤ ሲተኮስ ይቀደዳል። እንግዲህ ቀዩን ጨርቅ ሳይቀደድ ካሳያችሁ ከኋላው የባሩድ ጥቀርሻ አትሳሉ፤ ጥቀርሻውን ከፈለጋችሁ ጨርቁን ቅደዱት።