ኢንተርፌስ ቴብል የለውም፦ የኢንተርፌስ ውርስ በጄፒኤ

ጄፒኤ የጃቫ ኦብጀክቶችን ከዳታቤዝ ቴብሎች ጋር የሚያገናኝ ስታንዳርድ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ከኢጄቢ 3.0 (የጃቫ የድርጅት አፕሊኬሽኖች ስታንዳርድ) ጋር ወጣ። ሥራውን የሚሠሩት እንደ ሃይበርኔትና ኢክሊፕስሊንክ ያሉ ፍሬምወርኮች ናቸው። የትኛው ክላስ ከየትኛው ቴብል ጋር እንደሚሄድ የሚነገራቸው ክላሱ ላይ በሚለጠፍ አኖቴሽን (ምልክት) ነው።

ለክላስ ውርስ ጄፒኤ ሦስት መንገድ አለው። ለኢንተርፌስ (ክላሶች ኮዱን የሚሞሉለት የሜተድ ዝርዝር) ግን አንድም የለውም። እንዲያውም ኢንተርፌስን ኢንቲቲ (ዳታው ዳታቤዝ ውስጥ የሚቀመጥ ክላስ) ማድረግ እንደማይፈቀድ ስታንዳርዱ በግልጽ ያስቀምጣል። ቴብል ዳታ ይይዛል፤ ኢንተርፌስ ደግሞ ቋሚዎቹን ካልቆጠርን ሜተድ እንጂ የሚቀመጥ ዳታ የለውም።

ችግሩ ኮዱ ላይ ሲታይ ይኸውና። «ክፍያ» የሚባል ኢንተርፌስ አለን እንበል። «የካርድ ክፍያ» እና «የጥሬ ገንዘብ ክፍያ» የሚባሉ ሁለት ክላሶች ኢምፕለመንት ያደርጉታል። «ደረሰኝ» የሚባለው ኢንቲቲ ውስጥ ደግሞ ዓይነቱ «ክፍያ» የሆነ ፊልድ አለ፤ ላዩ ላይ «መኒ ቱ ዋን» (ብዙ ደረሰኝ ለአንድ ክፍያ) ተለጥፏል። ኮዱ ያለምንም ችግር ኮምፓይል ያደርጋል። አፕሊኬሽኑ ሲነሳ ግን ሃይበርኔት «ክፍያ» የሚባል ኢንቲቲ አላውቅም ብሎ ቁጭ ይላል።

ኢምፕለመንት የሚያደርገው ክላስ አንድ ብቻ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። «ታርጌት ኢንቲቲ» በሚለው መለኪያ ክላሱን በስም መጥቀስ ይበቃል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ የተለመደው መላ መሃል ላይ አብስትራክት ክላስ (ራሱ ኦብጀክት የማይፈጠርበት ወላጅ ክላስ) ማስገባት ነው። ክላሱ ኢንቲቲ ይሆናል፣ «ኢንሄሪታንስ» ይለጠፍበታል፣ ኢንተርፌሱንም ኢምፕለመንት ያደርጋል፤ «ታርጌት ኢንቲቲ» ወደ እሱ ይጠቁማል። የፊልዱ ዓይነት እንደነበረው «ክፍያ» ይቀራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ «ማፕድ ሱፐርክላስ» የሚባለውን አኖቴሽን ሲጠቀም ነው። እሱ ኮለሞችን ለልጆቹ ያወርሳል እንጂ የግንኙነት መድረሻ መሆን አይችልም።

ከሦስቱ የውርስ መንገዶች ሌላ ካልመረጥን ሁሉም ክፍያዎች አንድ ቴብል ውስጥ ይገባሉ። የትኛው ረድፍ የትኛው ክላስ እንደሆነ «ዲታይፕ» የሚባል ኮለም ይለያል። ፈጣን ነው። ግን የጥሬ ገንዘብ ረድፎች ላይ የካርድ ኮለሞቹ ባዶ ናቸውና «ኖት ነል» (ባዶ አይሁን) ማለት አይቻልም።

መሃል ላይ ክላስ አላስገባም ለሚል ከስታንዳርዱ ውጭ መንገድ አለ። ሃይበርኔት «ኤኒ»፣ ኢክሊፕስሊንክ ደግሞ «ቬሪያብል ዋን ቱ ዋን» የሚሉ አኖቴሽኖች አሏቸው። በሁለቱም ደረሰኙ ቴብል ላይ ሁለት ነገር ይጻፋል፦ የክፍያው ዓይነትና መለያ ቁጥሩ። ኮዱ ያምራል። ነገር ግን አንዱ ኮለም ወደተለያዩ ቴብሎች ስለሚጠቁም እውነተኛ ፎሪን ኪይ (ዳታቤዙ ራሱ የሚጠብቀው የቴብሎች ማያያዣ) ማሰር አይቻልም። የካርድ ክፍያው ቢሰረዝ ዳታቤዙ ዝም ብሎ ያያል፤ ደረሰኙ በሌለ ቁጥር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ለእኔ ይህ ውድ ዋጋ ነው፣ በተለይ ገንዘብ ባለበት ቦታ።

ኩዌሪ ላይ ሃይበርኔት ከስታንዳርዱ ይልቅ ለጋስ ነው። በኤችኪውኤል (በሃይበርኔት የመጠይቂያ ቋንቋ) የኢንተርፌሱን ሙሉ ስም ጠቅሰው ቢጠይቁት፣ ኢምፕለመንት የሚያደርጉትን ኢንቲቲዎች ሁሉ ፈልጎ ያመጣል። ክፍያዎቹ የጋራ ወላጅ ኢንቲቲ ከሌላቸው ግን ለእያንዳንዳቸው የተለየ ሴሌክት (ወደ ዳታቤዙ የሚሄድ ጥያቄ) ይልካል። ስለዚህ «ኦርደር ባይ» በየሴሌክቱ ውስጥ ይሠራል እንጂ ጠቅላላ ውጤቱን አያስተካክልም፤ የካርዶቹ በቀን ተደርድረው ካለቁ በኋላ የጥሬ ገንዘቦቹ እንደገና ከመጀመሪያው ቀን ይነሳሉ።