የቤተ እስራኤል የመጸው በዓላት፦ ከብርሃን ሠረቀ እስከ ስግድ

በአይሁድ አቆጣጠር ከሰባተኛው ወር ከቲሽሬ መባቻ አንስቶ እስከ ስምንተኛው ወር እስከ ሔሽቫን 29 ድረስ፣ ቤተ እስራኤል የሚባሉት የኢትዮጵያ አይሁድ አራት በዓላትን ያከብራሉ፤ እነሱም ብርሃን ሠረቀ፣ አስተሥርዮ፣ በዓለ መጸለት (የዳስ በዓል) እና ስግድ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን የዓለም አይሁድ ሁሉ ሮሽ ሃሻና፣ ዮም ኪፑርና ሱኮት ብሎ ያከብራቸዋል። አራተኛውን ጠብቆ ለዚህ ዘመን ያደረሰው ግን የኢትዮጵያ አይሁድ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲታይ ብርሃን ሠረቀ አብዛኛውን ጊዜ በመስከረም ይውላል፤ ስግድ ደግሞ ከጥቅምት ማለቂያ እስከ ኅዳር ማለቂያ ባለው ጊዜ።

እነዚህ በዓላት ትርጉማቸውን የሚሰጡት ተራቸውን ጠብቀው ሲታዩ ነው። ሰው መጀመሪያ ፈጣሪው ፊት ይቆማል፤ ቀጥሎ ከበደለው ሰው ጋር ይታረቃል፤ ከዚያ ጽኑ ቤቱን ትቶ በዳስ ይቀመጣል። በመጨረሻ ሕዝቡ በሙሉ ተራራ ወጥቶ ቃል ኪዳኑን ያድሳል። በረቢዎች፣ ማለትም በአይሁድ የሕግ መምህራን፣ ሥርዓት የሚሄደው የአይሁድ ዓለም መንገዱን በሦስተኛው ደረጃ ይጨርሳል። ቤተ እስራኤል አራተኛውንም ይወጣሉ።

የወሩ አቆጣጠር

ቤተ እስራኤል ወርን የሚቆጥሩት በጨረቃ ሲሆን፣ ታላላቆቹ በዓላት በየወሩ ትንንሽ መታሰቢያዎች አሏቸው። የወሩ መባቻ የጨረቃ በዓል ነው። ዐሥረኛው ቀን አሥርት ይባላል፤ አስተሥርዮ የሚታሰብበት ነው። ዐሥራ አምስተኛው ቀን የፋሲካና የመጸለት መታሰቢያ ነው። በዚህ ሥርዓት ያደገ ሰው የንስሐ ቀን በዓመት አንዴ በድንገት አይመጣበትም፤ በየወሩ ሲያስታውሰው የከረመ ቀን ነው።

ብርሃን ሠረቀ

የሰባተኛው ወር የመጀመሪያ ቀን ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 23 የመለከት መታሰቢያ አድርጎ ያዘዘው ይህንኑ ቀን ነው። ስሙ የብርሃንን መውጣት ያመለክታል፤ በቤተ እስራኤል ትውፊት ቀኑ የአብርሃምና የይስሐቅ መታሰቢያም ነው። በኢትዮጵያ መንደሮች በኋለኛው ዘመን ቀንደ መለከት አይነፋም ነበር። በእስራኤል ምኵራቦች ግን የበዓሉ ልብ ሾፋሩ፣ ማለትም ቀንደ መለከቱ ነው።

ድምፆቹ ሦስት ናቸው። ተኪዓ ሳይቆረጥ የሚወጣ አንድ ረጅም ድምፅ ነው። ሽቫሪም ሦስት ያህል የሚያቃስቱ መካከለኛ ድምፆች ናቸው። ትሩዓ ቢያንስ ዘጠኝ አጫጭርና ተከታታይ ድምፆችን የያዘ ነው። በሕጉ ከ30 ያላነሰ መሰማት አለበት፤ የተለመደው ግን 100 ነው። አዲስ ነፊ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ጉንጩን ነፍቶ በኃይል ሲገፋ ነው። ድምፁ የሚወጣው ከከንፈር ንዝረት ስለሆነ ከንፈርን ጠበቅ አድርጎ በጎን በኩል መንፋት ይሻላል። መሃል ላይ ከታፈነም ቀንዱ ውስጥ ምራቅ ተጠራቅሟል ማለት ነው፤ ዘቅዘቅ አድርጎ ማራገፍ ይበቃል። በዓሉ ቅዳሜ ከዋለ በዚያ ቀን አይነፋም።

ቀንዱ የበግ መሆኑ በዕፀ ሳቤቅ ተይዞ በይስሐቅ ፈንታ የተሠዋውን በግ ያሳስባል። ስለዚህ በመንደሩ ያለ መለከት የአብርሃምን ስም እያነሡ ሲጸልዩ የኖሩት አባቶችና ዛሬ በምኵራብ ሾፋር የሚሰሙት ልጆቻቸው የሚያስቡት አንድ ነገር ነው።

አስተሥርዮ

የወሩ ዐሥረኛ ቀን ነው። ጾሙ ፀሐይ ከመጥለቋ ጥቂት ቀደም ብሎ ይገባና በማግስቱ ከዋክብት ሲታዩ ይወጣል፤ በጠቅላላው 25 ሰዓት ያህል ነው። መብልና መጠጥ፣ መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ የቆዳ ጫማ ማድረግና ሩካቤ የተከለከሉ ናቸው። ሕይወቱ አደጋ ላይ የሚወድቅ በሽተኛ መብላት ይፈቀድለታል፤ እንዲያውም ይገደዳል።

ቡና የለመደ ሰው በዚህ ጾም የሚቸገረው ከረኃቡ ይልቅ በራስ ምታቱ ነው። አቦል፣ ቶናና በረካ የሚጠጣ ሰው ከሳምንት በፊት በረካውን፣ ከአራት ቀን በፊት ቶናውን ቢተው፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ደግሞ አቦሉን ቢያቀጥን በጾሙ ቀን ይቀለዋል። የመግቢያው እራት ላይ ጨውና በርበሬ የበዛበት ወጥ ከቀረበ እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ውኃ ጥም ይይዛል። አልጫ፣ ዳቦና ብዙ ውኃ ይሻላል፤ ውኃውም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ቀስ በቀስ ይጠጣል።

የቀኑ ክብደት ያለው ግን ከሆድ ይልቅ በዕርቁ ላይ ነው። ሚሽና የተባለው የረቢዎች የሕግ መጽሐፍ በዮማ ክፍሉ ሕጉን በግልጽ ያስቀምጣል፦ በሰውና በፈጣሪ መካከል ያለውን በደል ቀኑ ያስተሠርያል፤ በሰውና በሰው መካከል ያለውን ግን በዳዩ ተበዳዩን እስኪያስታርቅ ድረስ አያስተሠርይም። ዕርቁም ሥርዓት አለው። ገንዘብ ተወስዶ ከሆነ መጀመሪያ ገንዘቡ ይመለሳል። ከዚያ በዳዩ ተበዳዩ ዘንድ ሄዶ የበደለውን ነገር በስሙ ጠርቶ ይቅርታ ይጠይቃል። ተበዳዩ እንቢ ካለ ሦስት ሰዎች ይዞ እስከ ሦስት ጊዜ ይመለሳል። ተበዳዩ ሞቶ ከሆነ ዐሥር ሰዎች ይዞ መቃብሩ ላይ ይናዘዛል። በአገራችን ሽማግሌ ልኮ «ይቅር ለእግዚአብሔር» እስኪባል ደጅ መጥናት ለለመደ ሰው ይህ ሕግ እንግዳ አይሆንበትም። የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። በበዓሉ ዋዜማ ለሁሉም በአንድ ላይ በስልክ የሚላክ «ካጠፋሁ ይቅርታ» የሚል መልእክት ጥፋቱንም ተበዳዩንም ስለማይጠራ ዕርቅ አይሆንም።

በዓለ መጸለት

ከወሩ 15 ጀምሮ ሰባት ቀን ይከበራል። በኢትዮጵያ ቤተ እስራኤል ለዚህ በዓል ለብቻው ዳስ አይሠሩም ነበር፤ ቅጠልና ሣር ግን ይጎዘጎዛል። አባቶች ምክንያቱን ሲጠየቁ የሚኖሩበት ጎጆ ራሱ ዳስ እንደነበር ይናገራሉ። መልሱ ቀላል ቢመስልም የበዓሉን ምስጢር ይዟል፤ ዳሱ በጽኑ ግንብ ውስጥ የሚኖር ሰው በምድረ በዳ የነበረውን ስደቱን እንዳይረሳ የታዘዘ ነውና።

ዛሬ በእስራኤል ባለ ፎቅ ቤቶች ለሚኖሩ ቤተሰቦች ዳስ መሥራት የተለመደ ሆኗል። ቁመቱ ከ80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማነስ፣ ከ10 ሜትር ገደማም መብለጥ የለበትም። ግድግዳው ከጨርቅም ከጣውላም ቢሆን ነፋስ እስካላወዛወዘው ድረስ ይሆናል። ጣሪያው ከምድር የበቀለና የተቆረጠ መሆን አለበት፤ ዘንባባ፣ ቀርከሃ ወይም ቅርንጫፍ ይሆናል። ግድግዳው ከቆመ በኋላ መጨረሻ ላይ ይለበሳል፤ ጥላውም ከፀሐዩ መብዛት አለበት። ከስህተቶቹ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይታያሉ። አንደኛው ከላይ ሌላ ሰገነት ወይም ዛፍ በሸፈነው ቦታ መሥራት ነው። ሁለተኛው ለሠርግ ዳስ እንደሚደረገው ዝናብ ፈርቶ በቅጠሉ ላይ ሸራ መወጠር ነው። ሁለቱም ዳሱን ለበዓሉ እንዳይበቃ ያደርጉታል። ዝናብ ከመጣ ሸራ አያስፈልግም፤ ወደ ቤት መግባት ተፈቅዷል።

አራቱ የዕፅ ዓይነቶች ትርንጎ፣ አንድ የዘንባባ ዝንጣፊ፣ ሦስት የባርሰነት ቅርንጫፍና ሁለት የአኻያ ቅርንጫፍ ናቸው። ባርሰነቱ በቀኝ፣ አኻያው በግራ ከዘንባባው ጋር ይታሰራል። አኻያ በሁለት ቀን ይጠወልጋልና በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ማቆየት ወይም መለወጥ ያስፈልጋል። የትርንጎው ጫፍ ላይ ያለችው ጉጥ ከተሰበረች ፍሬው ለበዓሉ አይበቃም፤ ጉጥ ሳታወጣ ያደገች ትርንጎ ግን ትሆናለች። በረቢዎች ሥርዓት ከሰባቱ ቀናት በኋላ የስምንተኛው ቀን በዓል ሽሚኒ አጼሬትና የኦሪት ንባብ ዑደት የሚፈጸምበት ሲምሓት ቶራ ይከተላሉ።

ስግድ

ስሙ ሰገደ ከሚለው የግዕዝ ቃል የመጣ ነው፤ የጸሎት ቤቱ መስጊድ መባልም ከዚሁ ሥር ነው። ምህላ የሚለው ስምም ይታወቃል። ቀኑ ሔሽቫን 29 ነው፤ አስተሥርዮን አንድ ብለው ሲቆጥሩ 50ኛው ቀን ላይ ይውላል። ስለዚህ የሁለቱ በዓላት ዕለት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አስተሥርዮ ሐሙስ ከዋለ ስግድም ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ላይ ሲወድቅ በእስራኤል ወደ ሐሙስ ቀድሞ ይከበራል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. የሆነው ይህ ነው። በቀድሞ ዘመን ጽሑፎች ቀኑ ሁልጊዜ አንድ ወጥ ሆኖ አይገኝም።

ከፋሲካ ተነሥቶ 50 ቀን ሲቆጠር ሕጉ የተሰጠበት በዓል እንደሚደርስ ሁሉ፣ ከአስተሥርዮም 50 ቀን ተቆጥሮ ሕጉን ዳግም የመቀበል ቀን ይደርሳል። ሽማግሌዎች ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ አስተሥርዮ የእያንዳንዱ ሰው ሒሳብ መሆኑን፣ ስግድ ደግሞ የማኅበሩ ሒሳብ መሆኑን ይናገራሉ።

አመጣጡን በተመለከተ ካህናት የሚያስተምሩት ከዕዝራና ከነህምያ ጉባኤ እንደሚወርድ ነው። በዚያ ጉባኤ ሕዝቡ ኦሪቱ ሲከፈት ተነሥቶ ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ፣ «አሜን አሜን» ብሎ ሰግዷል። በሌላ ትውፊት በዓሉ በ15ኛው መቶ ዘመን ከነበሩት መነኩሴ ከአባ ሳብራና የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ልጅ እንደነበሩ ከሚነገርላቸው ከጸጋ አምላክ ጋር ይያያዛል። አንዳንድ ተመራማሪዎችም አሁን ያለውን መልክ የያዘው በዚያ ዘመን ይሆናል ይላሉ። ሁለቱ የግድ አይጣሉም፤ መሠረቱ የነህምያ፣ ሥርዓቱ የአባ ሳብራ ሊሆን ይችላል። በ19ኛው መቶ ዘመን የሚስዮናውያን ግፊትና ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ ማኅበሩን ክፉኛ ቢጎዱትም በዓሉ አልተቋረጠም።

በጎንደር በኩል ከታወቁት የስግድ ቦታዎች አንዱ አምቦበር ነው። ሕዝቡ ከዋዜማው ሰውነቱንና ልብሱን አጥቦ በማለዳ ነጭ ለብሶ ይጾማል። ቄሶች ጥምጣም አድርገው፣ ኦሪቱን በጌጠኛ ጥላ ሥር ይዘው ይመራሉ። ኦሪቱ በግዕዝ በብራና የተጻፈ ጥራዝ ነው፤ እንደ ሌሎች አይሁድ ጥቅል አይደለም። ምእመኑ ራሱን ለማዋረድ ድንጋይ በራሱ ወይም በትከሻው ተሸክሞ ተራራውን ይወጣል። ከላይ ሲደርስ ድንጋዩን በጸሎቱ ቦታ ዙሪያ ያኖረዋል፤ ከዓመት ዓመት የተደረደረውም አጥር ይሠራል። የሞተ ዘመድ ያላቸው ለመታሰቢያው እዚያ ላይ እህል ያኖራሉ።

ከሚነበቡት መካከል የሲና ቃል ኪዳን ከኦሪት ዘጸአት 19 እና 20 እንዲሁም ነህምያ 8 እና 9 ይገኛሉ። ቄሱ በግዕዝ ያነባሉ፤ ቀጥሎ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጎማል። ትርጓሜው ረዘመ ተብሎ መቆረጥ የለበትም፤ ነህምያ ላይም ሌዋውያኑ ሕጉን እያስረዱ አንብበዋልና የሥርዓቱ አካል ነው። ስግደቱ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ማለትም ከኢትዮጵያ ወደ ሰሜን ነው።

በ1984 እና 1985 እ.ኤ.አ. በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በተጓጓዘበት የሰሎሞን ዘመቻ አብዛኛው ማኅበር እስራኤል ገባ። በኢየሩሳሌም ስግድ የሚከበረው ከአሮጌው ከተማ በስተደቡብ ባለው በአርሞን ሃናጺቭ ሰገነት ነው። ቄሶቹ ዛሬም ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደ ሰሜን ነው፤ አሁን ግን የቤተ መቅደሱ ተራራ በዓይን ይታያል። ኢየሩሳሌም ከገባን ስለ ኢየሩሳሌም መጸለይ ምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ በማኅበሩ ውስጥ ተነሥቶ ነበር። የቄሶቹ መልስ ቤተ መቅደሱ ገና አልታነጸም፣ የሕዝቡም ቃል ኪዳን በየዓመቱ መታደስ አለበት የሚል ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የእስራኤል ምክር ቤት ክኔሴት ባወጣው ሕግ ስግድ ብሔራዊ በዓል ሆኗል፤ ሠራተኛ የዕረፍት ቀን አድርጎ ሊመርጠው ይችላል።

ሰገነቱ ላይ ለሚመጣ ሰው ጥቂት ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ጸሎቱ የሚጀምረው በማለዳ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ የሚደርስ ሰው የባለሥልጣናትን ንግግር እንጂ ንባቡን አያገኝም። ከቄሶቹ መድረክ ርቆ የቆመ ሰው ግዕዙን በጫጫታው መካከል ስለማይሰማ፣ ነህምያ 9ን በአማርኛ ወይም በዕብራይስጥ ይዞ መምጣትና አብሮ መከተል ይረዳዋል። ወጣቶች ዘንድ በብዛት የሚታየው ጉድለት ጾሙ ሳይፈታ መብላት መጀመር ነው። ጾሙ የሚፈታው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቄሶቹ ጸሎቱን ፈጽመው ሲወርዱ ሕዝቡ በእልልታና በከበሮ ይከተላቸዋል። ዳቦው ይባረካል፣ ተቆርሶም ይታደላል። ጠላውና እስክስታው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰውም «ከዓመት ዓመት ያድርሰን» እየተባባለ ይቆርሳል።