ጠበል ስትሄዱ መድኃኒታችሁን ያዙ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ።

የዛሬው ትምህርት ኤች አይ ቪ በደማቸው ኖሮ በየቀኑ ክኒን ለሚወስዱ ምእመናን ነው። ለቤተሰቦቻቸውም ነው። ሰሜን ሸዋ የጠበል ሀገር ነው። ጻድቃኔ ማርያም አለች፤ ሸንኮራ ዮሐንስ አለ። ከሩቅም ከቅርብም ሰው ይጎርፋል። ከሚመጡት መካከል ግን መድኃኒቱን ቤቱ ትቶ የሚመጣ አለ። «ክኒን ይዤ ብሄድ አላመንኩም ማለት ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ጠበልና መድኃኒት አይስማማም» ተብሏል። ይህን ማን ነገረህ ሲባል ብዙ ጊዜ ካህን አይደለም። ማደሪያው ውስጥ አጠገቡ የተኛ ሰው ነው።

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። የጸረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በሀገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ያኔ እንጦጦ ማርያም ጠበል የሚጠመቁ ብዙ ሕሙማን ከሁለቱ አንዱን ምረጡ የተባሉ ያህል ተጨንቀው ነበር። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱም ጠበሉም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ፣ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ አስተማሩ። ፓትርያርክ የተናገረበትን ነገር የማደሪያ ወሬ እንዴት እንደሚያሸንፈው ይገርመኛል።

መጽሐፍ ቅዱስ ምን ይላል? ንጉሥ ሕዝቅያስን አስቡት። 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 20 ላይ ነው። ለሞት ታመመ። ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ አለቀሰ፤ ጸለየ። እግዚአብሔርም ጸሎቱን ሰማ። እፈውስሃለሁ፣ በዕድሜህ ላይ 15 ዓመት እጨምራለሁ አለው። እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ግን ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አስመጣ። በእባጩ ላይ አደረጉለት፤ ዳነ። ፈውሱ ከእግዚአብሔር አፍ ወጥቷል፤ በለሱም አልቀረም። ሕዝቅያስ «አንተ ተናግረህ ሳለ በለስ ምን ያደርግልኛል?» አላለም። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ያስተምራል።

መድኃኒት ማቋረጥ የእምነት ብርታት የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ትዝ ይለኛል። ዲያብሎስ ጌታን በቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞ ራስህን ወደታች ወርውር አለው። መላእክት ያነሡሃል ብሎ ከመዝሙረ ዳዊት ጠቀሰለት። ጥቅሱ እውነት ነው፤ ጥያቄው ግን ፈተና ነበር። ጌታም አምላክህን አትፈታተነው ብሎ መለሰለት። ደረጃ እያለ መዝለል እምነት አልሆነም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሰናከልበትን ነገር ልንገራችሁ። አንዲት እኅት መድኃኒቷን በሥነ ሥርዓት ስትወስድ ቆየች እንበል። የቫይረስ መጠን ምርመራ አደረገች። «ቫይረሱ አይታይም» ተባለች። ደስ ይላል! ይህ ማለት መጠኑ እጅግ ከመቀነሱ የተነሣ መሣሪያው ሊቆጥረው አልቻለም ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ጸንታ ከቆየች በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለባሏ አታስተላልፍም። ግን ከሰውነቷ ጨርሶ ወጥቷል ማለት አይደለም። በአንዳንድ ሴሎች ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። ክኒኑ ከተቋረጠ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይራባል። መድኃኒቱን እየወሰዱ እያቋረጡ መሄድ ደግሞ ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲላመድ ያደርገዋል። «አይታይም» የሚለውን «የለም» ብላችሁ አትስሙት።

«ጠበሉ ፈጽሞ ፈውሶኝስ ከሆነ?» የሚል ይኖራል። እግዚአብሔር የሚሳነው የለም። ጌታ ለአሥሩ ለምጻሞች ሄዳችሁ ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ ነው ያላቸው። በሕጉ ለምጽ መንጻቱን መርምሮ የሚያረጋግጠው ካህን ነበርና። የተፈወሰ ሰው መመርመርን አይፈራም። እስኪመረመርና ሐኪሙ አቁም እስኪለው ድረስ ክኒኑን አይጣል።

ጾምስ? አሁን አብዛኛው ሰው የሚወስደው ክኒን በቀን አንድ ጊዜ ነው። ማታ የሚወስድ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢጾም፣ ጠዋት በባዶ ሆዱ ጠበል ቢጠጣ ምንም አይነካውም። ሰዓት መቀየር የሚፈልግ ጤና ጣቢያውን ያማክር። ሱባኤ የሚይዝ ደግሞ ለሚቆይበት ቀን የሚበቃውን፣ ለመንገድም ትርፍ ጨምሮ ይያዝ። የጻድቃኔ መንገድ በክረምት እንዴት እንደሆነ የሄደ ያውቀዋል።

ክኒኑን ሰው እንዳያይ በየጥጉ የሚደብቁትን አለመርሳት ነው። የሚያስደብቃቸው የእኛ ዓይን ነው። ቫይረሱ በምራቅ አይተላለፍም፤ በአንድ ጣሳ ጠበል በመጠጣት፣ መስቀል በመሳለም፣ በአንድ እርፈ መስቀል በመቁረብ አይተላለፍም። ጌታ ለምጻሙን ከማንጻቱ በፊት እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው። በሽታውን ከኃጢአት ጋር ለማያያዝ የሚቸኩልም የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9ን ያንብብ። ደግሞ ከእናታቸው ይዘውት የተወለዱ ልጆች በሰንበት ትምህርት ቤታችን አብረውን ይዘምራሉ።

አባቶች ካህናት ሆይ፣ ንስሐ ልጆቻችሁ ለጠበል ሲሰናበቱ «መድኃኒትህን ይዘሃል?» በሏቸው። በካህን አፍ የተነገረ አንድ ቃል ከጤና ባለሙያ ብዙ ምክር ይልቅ የሚሰማበት ቤት አለ።

አንተ ቀድመህ ያቋረጥክ ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ የቀረውን ክኒን ቤት ውስጥ በራሳችሁ ግምት አትጀምሩት። ወደምትከታተሉበት ጤና ተቋም ተመለሱ። ከመቼ ጀምሮ እንዳቆማችሁ ሳትደብቁ ንገሯቸው፤ የሚሰጧችሁ መድኃኒት በዚያ ላይ ሊወሰን ይችላል። ይቆጡኝ ይሆን ብላችሁ አትቅሩ። የሚያፍር ካለ ሰው ይዞ ይሂድ፤ ንስሐ አባቱንም ቢሆን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።